የቀርከሃ ቅጠል ኮፍያ በየጭንቅላቱ ልክ

እኔ ስብሰባ ላይ እጅ ማውጣት እወዳለሁ። ሌላው ሰው ስብሰባ ሲገባ የሚደበቅበትን ጥግ ይመርጣል፤ እኔ ሰብሳቢው በቀላሉ የሚያየኝን ወንበር እመርጣለሁ። ባለቤቴ አስናቀች ይህን ጠባዬን ስለምታውቅ የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ አብዛኛውን ጊዜ ራሷ ናት የምትሄደው። «አንተ ስትሄድ ሥራ ይዘህ ትመጣለህ፤ እኔ ስሄድ ወሬ ይዤ እመጣለሁ። ወሬ ይሻላል» ትላለች። ያን ቀን ግን ጥርሷን አሟት ጉንጯ አብጦ ስለነበር የሄድኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ጣጣ ሁሉ በጥርሷ ባሳብብ የሚከለክለኝ የለም።

ልጃችን ቤዛ ሦስተኛ ክፍል ናት። የምትማረው እዚሁ አሶሳ፣ ትልልቅ የማንጎ ዛፎች ባሉበት ግቢ ውስጥ ነው። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹ ለወላጅ መዝሙር ያቀርባሉ። መዝሙር የምታስተምራቸው መምህርት ከድጃ ትባላለች። የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ ቤቷ የሚነገረው የበርታ ቋንቋ ነው፤ አማርኛዋ ግን ከእኔ አማርኛ ይፈጥናል። የዘንድሮው መዝሙር ስለ ቀርከሃ መሆኑን ነገረችንና «ልጆቹ አረንጓዴ ቲሸርት ይለብሳሉ። ችግራችን ራሳቸው ላይ ምን እናድርግላቸው የሚለው ነው» አለች።

አንድ አባት «ካርቶን ቆርጠን ቀለም እንቀባዋ» አለ።

ካርቶን! ሰው ቀርከሃ በሞላበት አገር ተቀምጦ ቀርከሃን በካርቶን ሊያስመስል? እጄን ከመቼው እንዳወጣኋት አላውቅም። ብቻ ሳያት ላይ ናት።

«ይሄ ነገር በክር ይሠራል» አልኩ። «ቅጠል ቅጠል ያለው፣ እንደ ዳንቴል ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የሹራብ ኮፍያ። አየር ያስገባል፣ ለሙቀቱም ይስማማል፣ ልጆቹም ቀርከሃ ይመስላሉ።»

«ማን ይሠራዋል?» አለች ከድጃ።

«እኔ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ካርቶን ያለው አባት ከሁሉም በላይ አጨበጨበ፤ አሁን ሳስበው ያ ሰው ብልህ ነው።

በራሴ የተማመንኩት ያለ ምክንያት አልነበረም። የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ወንድና ሴት አይለይም፤ በእኛ ቤት የሹራብ ሥራም እንደዚያው ነበር። እናታችን ሹራብ እየሠራች ስላሳደገችን እኔና ወንድሞቼ ፊደል ሳንቆጥር ረድፍ መቁጠር ጀምረናል። በዚያ ላይ ሙያዬ ቅየሳ ነው። መሬት እለካለሁ። ከባምባሲ እስከ ጉባ ሜትር ይዤ ያልረገጥኩት ቀበሌ ቢኖር ጥቂት ነው። መሬት የለካ ሰው ጭንቅላት ምን ያቅተዋል? መሬት እንኳ ባለቤት አለው፣ ጎረቤት አለው፣ ድንበር ይገፋል፣ ክርክር ይነሣበታል። የጭንቅላት ድንበር አንገት ነው፤ አለቀ።

ቤት ገብቼ ለአስናቀች ስነግራት ጉንጯን በእጇ ደግፋ ፊቷን አኮሳትራ አየችኝ። የጥርሱ ሕመም መስሎኝ ነበር።

«ሹራብ?» አለች። «አሶሳ ላይ?»

«ዳንቴል ነገር ነው። ቀዳዳ አለው። አየር ይገባበታል።»

«አየር የገባበትስ ያንተ ጭንቅላት ነው።»

ቤዛ ግን በደስታ አበደች። መዝሙሩ መሐል ላይ ለብቻዋ የምትዘፍናቸው ሁለት ስንኞች አሉ። እነዚያን ስንኞች ቤት ውስጥ ከመለማመዷ ብዛት እኔም፣ እናቷም፣ ጎረቤቶቻችንም በቃላችን ይዘናቸዋል።

*ቀርከሃ ነኝ ለምለም፣ ሥሬ ከመሬት፣*
*ንፋስ ያጎነብሰኛል፣ አይሰብረኝም እሱ'ት።*

ስንኙ ላይ «እሱ'ት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከድጃን ጠይቄያት «ቤት እንዲመታ ነው» ብላኛለች።

በማግስቱ ቤዛ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ነው የነገረችኝ። «አባዬ፣ ለክፍላችን ልጆች በሙሉ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«አባዬ የማይችለው ነገር የለም ብዬ።»

ሰው ፊት የወጣች እጅ ቀስ ብላ ትወርዳለች፤ ማንም ልብ አይላትም። ልጅህ ፊት የወጣች እጅ ግን መውረጃ የላትም።

ሥራው የጀመረው መሣሪያ በማጣት ነው። የሹራብ መሥሪያ መርፌ ፍለጋ ገበያውን አካለልኩት። መርፌ ስል የልብስ መርፌ ያቀርቡልኛል። ረጅም ስል የጆንያ መስፊያ ያመጡልኛል። ሁለት ነው ስል ሁለት የጆንያ መስፊያ ያመጡልኛል። በመጨረሻ ወደ ሙሳ ሄድኩ። ሙሳ መንገድ ዳር ከቀርከሃ ወንበርና መደርደሪያ የሚሠራ የበርታ ሰው ነው፤ ቤታችን ያሉት ወንበሮች ሁሉ የእሱ እጅ ናቸው። እርሳስ የሚያክሉ፣ ጫፋቸው ሾጠጥ ያለ፣ ረዘም ያሉ ሁለት እንጨቶች እንዲሠራልኝ ነገርኩት።

«ለጥብስ ነው?» አለኝ።

«አይ፣ ለኮፍያ ነው።»

ሙሳ ቢላውን አስቀመጠ። «ኮፍያ በእንጨት ይጠበሳል?»

በሁለት ጣቶቼ አየር ላይ እየሠራሁ አሳየሁት። በጥሞና አየኝና ጎረቤቱ ያለውን ባለሱቅ በበርታ ጠርቶ አንድ ነገር ነገረው። ሁለቱም እስኪበቃቸው ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ኢንጂነር፣ መሬት አለቀ እንዴ? አንተ ወደ ክር ገባህ?» አለኝ። ይህን እያለ ግን እጁ ሥራውን ጀምሮ ነበር። ያወጣቸው እንጨቶች ከለሰለሱ ብዛት ከእጅ ያመልጣሉ። እናቴ ብታያቸው በዘመኗ ሁሉ የሠራችበትን ብረት ትጥለው ነበር።

ሱፍ ክር የልጆቹን ጭንቅላት እንደሚቀቅለው ስላወቅሁ አረንጓዴ የጥጥ ክር ገዛሁ። ከዚያ ወደ ቅጠሉ ገባሁ። የቀርከሃ ቅጠል ቀላል ይመስላል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጫፉ ሹል። በክር ግን ቅጠል የሚወጣው ባለመሥራት ነው። አንዱን ትዘልለዋለህ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ትይዛቸዋለህ፤ የዘለልከው ቀዳዳ ይሆንና ቀዳዳዎቹ ተሰልፈው የቅጠሉን ቅርጽ ይሰጡሃል። የመጀመሪያውን ቅጠሌን ለአስናቀች አሳየኋት።

«ዓሣ ነው?» አለች።

ፈታሁት። ቀጠን አድርጌ ደግሜ ሠራሁና አሳየኋት። ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስዳ አገላበጠችው።

«አሁን ጫት ሆኗል» አለች። «ልጆቹ ትምህርት ቤት ውስጥ ጫት አጥልቀው ሊዘምሩ ነው?»

ሰው ሥራውን በጨለማ ቢሠራ ይሻለው ነበር እላለሁ። ደግሜ ፈታሁት። ክሩም እንደ እኔ መላልሶ መሠራት ሰልችቶት ጠጉሩ ቆመ። በስተመጨረሻ ግን ቅጠሉ ቅጠል ሆነ፤ አስናቀችም አየችውና ምንም አላለችም። የአስናቀች ዝምታ በሌላ ሰው አንደበት «ግሩም ነው» ማለት ነው።

አሁን ልኩ ቀረ። የቤዛን ጭንቅላት በሜትር ለካሁ፣ በዚያው ልክ ሠራሁ፣ አጠለቅሁላት። ኮፍያው ግንባሯን አልፎ፣ አፍንጫዋን አልፎ፣ አገጯ ላይ አረፈ። የጥጥ ክር ሲሠሩት ጭምት ነው፤ ሲለብሱት ይባልጋል። ተለጠጠ።

«ይሄ ለልጅ ነው ለጀሪካን?» አለች አስናቀች።

ሁለተኛውን አጠበብኩት። ቤዛ ራስ ላይ እንደ ሎሚ ቅርፊት ቁጭ ብሎ ቀረ። ደጅ ካለው ማንጎ አንዱን አውርጄ ባለብሰው ልክክ አለ። ሥራውማ ሥራ ነው፤ ለማንጎ ተሠርቶ እንደሆነ ነው እንጂ። ሦስተኛው ግን ልኳን መጣ። ቤዛ መስተዋት ፊት ቆማ ራሷን ወደ ቀኝ ወደ ግራ አወዛወዘችና «ንፋስ ነው» አለችኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መንገድ ስሄድ የሰው ፊት ማየት ትቼ የሰው ጭንቅላት አያለሁ።

የቀሩትን ልጆች ለመለካት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ከሃያ የሚበልጡ ናቸው። የእርሻ መሬት የምለካበትን ረጅሙን ሜትር ስዘረጋው ልጆቹ በደስታ ጮኹ። ሁሉንም ለካሁና ለሥራ እንዲመቸኝ በሦስት ከፈልኳቸው፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። ወዲያው አንዲት ልጅ እያለቀሰች ወደ ከድጃ ሮጠች።

«የቤዛ አባት ጭንቅላትሽ ትልቅ ነው አለኝ!»

ከድጃ በዓይኗ ወቀሰችኝ። እኔም በፍጥነት ስሙን ቀየርኩት፤ ትንሹን «ቡቃያ»፣ መካከለኛውን «ሸምበቆ»፣ ትልቁን «ቀርከሃ» አልኩት። በዚህ ብልሃቴ እየተኩራራሁ ሳለሁ ቡቃያዎቹ በሙሉ አለቀሱ። ሁሉም ቀርከሃ ነው መሆን የሚፈልገው። ከሁሉም የምታንሰው ጽጌ የምትባል ልጅ ፊቴ ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «እኔ ቀርከሃ ነኝ» አለችኝ። «ልክሽ ግን ቡቃያ ነው» ብላት «ልኬ ውሸታም ነው» አለች። በቅየሳ ዘመኔ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠመኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ብቻ ነው። ቢሮ ሠራሁ፣ ባጃጅ ውስጥ ሠራሁ፣ ስብሰባ ላይ ሠራሁ። ስብሰባ ላይ እጄ ስለተያዘ ለመጀመሪያ ጊዜ እጅ ሳላወጣ ወጣሁ። አለቃዬም ለመጀመሪያ ጊዜ ስብሰባውን በጊዜ ጨረሰ። ለሥራ ወደ ባምባሲ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ነበሩ፤ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሠፋሪ ናቸው። እጄን ሲያዩ ሲያዩ ቆዩና አላስችል አላቸው።

«ልጄ፣ ሚስት የለህም?»

«አለችኝ፣ እማማ።»

«ታማ ነው?»

«ኧረ ደህና ናት።»

«ታዲያ ምን በድለሃት ነው?»

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነው፤ ሲወርዱ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ይቅር ትበልህ» ብለውኝ ሄዱ።

ኮፍያዎቹ ከበዓሉ በፊት አለቁ። አልጋ ላይ በየልካቸው ደረደርኳቸው። ቡቃያ፣ ሸምበቆ፣ ቀርከሃ። አስናቀች የኮፍያዎቹን አናት በመርፌ እየቋጠረች አግዛኛለች፤ ይህን ለማንም እንዳልናገር ስላላስማለችኝ እናገራለሁ። አልጋው ጫካ መስሎ ነበር። ያን ቀን እንደ ንጉሥ ነበር የተራመድኩት።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ኮፍያዎቹን በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ግቢው ስገባ ከድጃ በሩ ላይ ቆማለች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«የቤዛ አባት» አለች፤ «ልጆቹን እያቸው።»

አየኋቸው። ለካስ ሰው ለበዓል ይዘጋጃል! እናቶች ሁሉ ሴት ልጆቻቸውን ሹሩባ አሠርተዋቸዋል። ያውም ዝም ብሎ ሹሩባ አይደለም፤ ሰው ሠራሽ ጠጉር ተቀጥሎበት፣ አናት ላይ ተጠቅልሎ ቆሞ፣ ዶቃ የተደረገበት። እኔ የለካኋቸው ቀን የነበረው ጭንቅላት ሌላ፣ አሁን የመጣው ሌላ። አባቶች ደግሞ ወንዶቹን በሙሉ ፀጉር ቤት ወስደው አስላጭተዋቸዋል። ሜዳው ላይ የተላጨ ጭንቅላት ሲያብረቀርቅ የእንቁላል ገበያ መሰለኝ። የሴቶቹ ኮፍያ አይገባም። የወንዶቹ ኮፍያ አንገታቸው ላይ ይወድቃል። መሬት ቢሆን ኖሮ ድንበሩ በአንድ ቀን አይሸሽም ነበር።

ቤዛም ሹሩባ ናት። እናቷ ሠርታታለች፤ እኔ ኮፍያ ስቆጥር ልብ አላልኩም። ዞር ብዬ አስናቀችን አየኋት።

«በዓል ነው እኮ!» አለችኝ። «ጨብራራ ሆና ትምጣ?»

ቤዛ ኮፍያዋን በሁለት እጇ ወደ ታች እየጎተተች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ «አባዬ፣ አልገባ አለ» አለችኝ። ከኋላዋ ጓደኞቿ ቆመው ያዩኛል። የማይችለው ነገር የሌለው ሰው ይሄው።

እውነቱን ልናገር፤ ለጥቂት ጊዜ ከግቢው ሮጦ መውጣት አማረኝ። ግን ጭንቅላቴ መሥራት የሚጀምረው ሲጨንቀኝ ነው። የሴቶቹ ራስ አድጓል፣ የወንዶቹ ራስ አንሷል። እንግዲያው ኮፍያውን ከማስተካከል ሰዉን ማስተካከል ይቀላል!

«ይለዋወጡ!» አልኩ። «የወንዶቹ ለሴቶቹ፣ የሴቶቹ ለወንዶቹ!»

ከድጃ አፍታም አልቆየች። ከረጢቱን ገለበጥነውና ሜዳው ላይ ገበያ ቆመ። አንዱ ያወልቃል፣ አንዷ ታጠልቃለች፤ ሰፋ፣ ጠበበ፣ አምጪ፣ ውሰድ። እዚያ ግርግር ውስጥ ጽጌ አናቷ ላይ የተከመረ ሹሩባ ይዛ መጣች፤ ከቀርከሃ በቀር የሚገባላት ልክ ጠፋ። ኮፍያዋን አጠለቀችና «ነገርኩህ» ብላኝ ተሰለፈች። የቤዛም ተገኘላት። ሁሉም ቢያንስ ለዓይን ልኩን አገኘ። ላቤን ጠረግሁና አስናቀች አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። ደረቴ እንደገና ወደ ቦታው ተመለሰ።

መዝሙሩ የታሰበው ለጠዋት ነበር። በሰኔ የአሶሳን ሰማይ ከቀትር በኋላ የሚያምን ሰው የለም። ግን የክብር እንግዳው ዘገዩ። ሲመጡ ንግግር ነበራቸው። ከንግግራቸው በኋላ ለንግግራቸው የምስጋና ንግግር ነበር። ልጆቹ ሜዳው ላይ ተሰልፈው መዝሙሩን ሲጀምሩ ደመናው ጥቁር በሬ መስሎ ከጣሪያው በላይ ቆሟል።

መጀመሪያ ጠብ ጠብ አለ። ከዚያ አንድ ጊዜ ወረደ። የአሶሳ ዝናብ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ ወላጅ፣ መምህር፣ የክብር እንግዳ ሁሉ ወንበሩን እየገለበጠ ወደ ማንጎዎቹ ጥላና ወደ መማሪያ ክፍሎቹ ሮጠ። እኔም ሮጥኩ። ዛፍ ሥር ቆሜ ወደ ሜዳው ዞር ስል ልጆቹ አልተነቃነቁም። እየዘፈኑ ነው።

ያልሮጡበት ምክንያት ወዲያው ገባኝ። ጥጥ ውኃ ሲጠጣ የሚሆነውን እኔ ባላውቅ ማን ያውቃል? ኮፍያዎቹ ከብደው፣ ተለጥጠው፣ የሁሉንም ዓይን ሸፍነው አፍንጫ ላይ ወርደዋል። በቅጠሎቹ ቀዳዳ ብርሃን ቢገባ እንጂ ከአንድ ክንድ በላይ የሚያዩ አልመሰለኝም። ከድጃ ደግሞ ፊቷን ለልጆቹ፣ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ እጇን እያወዛወዘች ነው፤ እጄን እስካላወረድኩ እንዳታቆሙ ብላ ስታስጠናቸው ከርማለች። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲያጓራ የወንበሩንም የሩጫውንም ድምፅ ውጦታል። ያ ሁሉ ልጅ፣ ያቺም መምህርት፣ ለባዶ ወንበር እየዘፈኑ መሆናቸውን አያውቁም።

«አስቁሟቸው እንጂ!» አለ አንድ ሰው ከኋላዬ።

ያን ጊዜ የቤዛ ተራ ደረሰ። ሌሎቹ ዝም አሉና የእሷ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ ቀጭን፣ ግን ቀጥ ያለ። *ቀርከሃ ነኝ ለምለም።* ኮፍያዋ አፍንጫዋ ላይ ነው። አረንጓዴ ውኃ በጉንጯ ይወርዳል። አገጯን ወደ ላይ ቀና አድርጋ ነው የምትዘፍነው፤ ፊት ለፊቷ ሕዝብ ሞልቶ እንደሚያያት አምናለች።

አስናቀች እጅጌዬን ያዘችኝ። «ና፣ እንቀመጥ።»

«ዝናብ ነው እኮ።»

«አየሁት፤ ዝናብ ነው።»

ወጣን። የተገለበጠ ወንበር አንሥተን ዝናቡ ውስጥ ተቀመጥን። ቂጤ በርዶት ለመነሣት ሲያስብ አጠገቤ የጽጌ እናት ነጠላዋን ራሷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ ካርቶን ያለው አባት መጣ። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ብዙ። አንዳንዱ ወንበር፣ አንዳንዱ ድስት ክዳን ራሱ ላይ አድርጎ፤ ድስቱ ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁም። በመጨረሻ የክብር እንግዳው ጃንጥላቸውን ዘርግተው መጡ፤ ግራና ቀኛቸውን አዩና ጃንጥላውን አጥፈው ተቀመጡ። ከድጃ እጇን ስታወርድ አንድም ወንበር ባዶ አልነበረም። እንደዚያ ያለ ጭብጨባ አሶሳ ላይ ሰምቼ አላውቅም፤ የረጠበ እጅ ድምፁ ሌላ ነው።

ቤዛ እጆቿን ፊት ለፊቷ ዘርግታ በዳሰሳ መጣች። ጉልበቴን ስታገኘው ኮፍያዋን ወደ ላይ ገፋችው። ፊቷ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ መስመር በመስመር ሆኗል።

«አባዬ፣ ኮፍያው ሸፍኖኝ ምንም አላየሁም። ሰው ነበር?»

«ይሄው፣ ሞልቷል» አልኳት።

«ዝናቡ ሲመጣስ? አልሸሹም?»

እናቷን አየሁ። ከአስናቀች ቀሚስ ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል።

«ሸሽተው ነበር» አለች አስናቀች። «ስትዘፍኚ ተመለሱ።»

ቤዛ ዞራ ሰዉን ሁሉ አየች፤ የረጠበውን፣ የሚንቀጠቀጠውን፣ አሁንም የሚያጨበጭበውን። ከዚያ ኮፍያዋን አውልቃ ጫማዬ ላይ ጨመቀችውና መልሳ አጠለቀችው።